መስመር አርባ አንድ

ከዚራ ሌሊቱ አይበርድም፤ ግድግዳው የቀን እሳቱን
እንደ ዕዳ ቆጥሮ ይመልሳል፣ ሳንቲም ሳያጎድል ሙቀቱን።
በሩን ከፍቼ እሠራለሁ። ጋሽ ሮብሌ ደጃፍ ላይ
ሽርጡን አገልድሞ ተቀምጧል፣ ፊቱን ሰጥቶ ለሰማይ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ጣቢያ፣ ሥራው መዶሻ ይዞ መዞር፣
የቆመውን ፉርጎ ብረት እግር እያንኳኳ ማዳመጥ ነበር።
ጤነኛው ብረት ይዘምራል፤ የተሰነጠቀው ያስላል፤
ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮ ቀድሞ ይሰማል።
«አለቆቼ በባትሪ አይተው፣ ‹ደህና ነው› ብለው ያልፋሉ፤
እኔ ቷ! ሳደርገው ያን ጊዜ...» ይላል፤ ጣቶቹም ያንኳኳሉ
የወንበሩን እግር።

የኔ ስንጥቅ ግን ድምፅ የለው።
ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፤ በጃቫስክሪፕት የጻፍኩት፣
ለሽንኩርት ጫኞች ማኅበር የክፍያ ሒሳብ ብዬ የሸጥኩት።
ዛሬ ጠዋት ከመጋላ ሃያ ሦስት ሰው መጣብኝ፤
«አልተከፈለንም» አሉ። ኮምፒውተሩ «ከፍያለሁ» አለኝ፤
በሃያ ሦስቱም ስም ትይዩ በአረንጓዴ፣ «ተከፍሏል»።
አንዱ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው፤ «ይኸው! ባዶ ይላል።»

አሥር ጊዜ አነበብኩት። የጻፍኩት እኔው ነኝና
ዓይኔ ያሰብኩትን ያነባል፣ የጻፍኩትን ይዘልና።

ያኔ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤
አንዲት ቃል ጽፌ ኢንተሩን ቷ! መዶሻው የኔም ይኸው ነው።
መልሱ ደረቅ፣ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ሰላምታ የማያውቅ፦
መስመር አርባ አንድ፣ ፊደል አሥራ ሁለት፤ ከ«ከሆነ» ቅንፍ ሳትርቅ
አንዲት የእኩል ምልክት። መጠየቅሽ ነው ወይስ ማዘዝ?

ማዘዜ ነበር ለካ።
አንድ ስትጻፍ ትእዛዝ ናት፤ ሦስት ስትደረደር ጥያቄ፤
«ተከፍሏል?» ልል «ተከፍሏል» አልኩ፣ ከገዛ አፌ ላይ ሰርቄ።
እንደኛው ፊደል ነው ነገሩ። «ገንዘብ አለ» ስትል ጽፈህ፣
ጠብቆ ከሆነ ኪስህ ሞልቷል፤ ላልቶ ከሆነ ወሬ ሰምተህ
ባዶ እጅህን ትገባለህ። ወረቀቱ ምን ለየው?

ሌላም ነገረኝ። መስመር ስድሳ፣ ተወልዶ ማንም ያልጠራው ስም፤
መስመር ሰባ፣ ከ«ተመለስ» ወዲያ፣ ሥራ የማይደርሰው ለዘላለም፣
እንደ አሮጌው ሐዲድ፣ ሣር በቅሎበት፣ ፍየል የተኛችበት።
አንድ በአንድ ነቀልኩ፣ አቀናሁ። ስድስት ሰዓት አለፈ ከሌሊት።
ደግሜ መታሁት። ዝም።
የኔ ብረት ደህና ሲሆን አይዘምርም፤ ዝም ነው የሚል።

«ጋሽ ሮብሌ፣ ዳነልኝ!» አልኩ።
«ስንት ናቸው የመጡት?»
«ሃያ ሦስት።»
«ሙሜስ? ደቻቱ ዳር፣ ጆንያ ተሸካሚው?
ሰኞ ከነሱ ጋር ሲጭን አይቼዋለሁ።»

ስም ዝርዝሩን ገለጥኩ። ሙሜ የለም።
ስልክ የለውም ሙሜ። እኔ ደግሞ መስመር ዘጠኝ ላይ
«ስልክ ቁጥር፦ የግድ» ብዬ ጽፌያለሁ፤
ቅንፏ የገጠመ፣ ነጥቧ ያልጎደለ፣ የጠራች መስመር።

ዝም ብሎ ቆየ ሽማግሌው። ኋላ ጉሮሮውን ጠረገና፣
«አንድ ክረምት» አለ፣ «ፉርጎውን ሁሉ መታሁ፤ ሁሉም ደህና።
እለፍ ብዬ ፋኖስ አወዛወዝኩ። ለካ ያን ሌሊት ጎርፉ
ድልድዩን ወስዶታል። ሹፌሩ አይቶ ቆመ እንጂ፣ ከአፋፉ።»
ትንሽ ቆይቶ፣ ሳይስቅ፦
«እግሩ ግን ምንም አልነበረውም፣ ኢፍቱ። አንድም ስንጥቅ።»

«የግድ» የሚለውን አጠፋሁት።
መሣሪያው ምንም አላለም።
ሲኖርም ምንም አላለም ነበር።
ጠዋት ደቻቱ ወርጄ
የሙሜን የአባት ስም እጠይቃለሁ።